ታዝቤ አሰርኩት

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ባለፈው ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት አቃተኝ ያልሽው ተሻለሽ፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም አልሽ? የጋሼ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትንሿ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? የአማትሽ ዓይንስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ደህና አለመሆኔን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ግን ቁጭ በይ። ቁጭ ካልሽ ደግሞ ተነሺና እልል በይ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። እስከ ዛሬ የደረሰሽን ሁሉ የጻፈልኝ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ጸሐፊ ነበር። ያ ሁሉ "እንደ ንጋት ኮከብ የምትናፍቂኝ" የሚለው የእሱ ነው እንጂ እኔ አንቺን በኮከብ መስዬሽ አላውቅም። መመሰል ካለብሽ በአለንጋ ነው የምመስልሽ።

ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሰባት ወር ተማርኩ። አብረውኝ ከጀመሩት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ሁለተኛ ነኝ፤ አንደኛዋን ወደፊት አነሳልሻለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል እንደ ወታደር አሰልፌ፣ በየስማቸው እየጠራሁ አስቆጥሬያቸዋለሁ። አንዷ ብቻ ከሰልፉ ጠፋችብኝ። ይህ ደብዳቤ የዚያች የአንዷ ነገር ነው። እስከ ነገ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለች የአንዲት ሴት ክንድ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ነው። የታመመውም ያገባውም የተኛበት በእጄ ያልፋል። የከተማውን ገመና እንደ እኔ የሚያውቅ የለም፣ ግን ምስጢር እጠብቃለሁ። አንሶላ ታጥቦ ሲወጣ እንደ ሬሳ ይከብዳል። ስለዚህ መጭመቂያ የምንለው፣ እንደ ጉድጓድ ያለ ማሽን ውስጥ ይከተትና ክዳኑ ተዘግቶ ይሽከረከራል፤ ውሃው ተጨምቆ ይወጣል። ከክዳኑ ሥር ጣት የምታክል ቁልፍ አለች። ክዳኑ ሲዘጋ ትጫናለች፣ ማሽኑ ይዞራል፤ ክዳኑ ሲከፈት ትነሳለች፣ ማሽኑ ይቆማል። ይህችን ቁልፍ ያዢልኝ።

አለቃችንን ካቦ እንለዋለን። ድሮ እንደኛው አንሶላ ተሸካሚ ነበር። ያን ጊዜ ሊያዘን ሲሞክር "እግርህ ተሰብሯል እንዴ? ራስህ አምጣው" እንለው ነበር። ካቦ ከሆነ በኋላም ብዙ አልፈራነውም። አንድ ቀን ግን ከሆስፒታል ከመጣው ልብስ መሃል ባለቤት ያጣ የሐኪም ነጭ ጋዋን አገኘና ለበሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያልፍ ሰዉ መንገድ ይለቅለት ጀመር። ልብስ ካውያ የምታደርገው ሴትዮማ ረስታ የጉልበቷን ሕመም አማከረችው። እሱም አላፈረም፤ ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ "ጨው ቀንሺ" አላት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ቀነሰች።

የማታ አስተማሪያችን ቀን ቀን እሱም ተማሪ ነው። ሥነ ልቦና የሚባል ትምህርት ያጠናል፤ ሐኪም በቢላ የማይደርስበትን የሰው ውስጥ የሚመለከት ነው። የንባብ መጽሐፍ ስላጠረን የራሱን ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ እየገለበጠ ያስነብበን ነበር። ርእሱ "ሰው ለምን ይታዘዛል?" ይላል። እኔ እጄን አውጥቼ "እምቢ ካለ ስለሚባረር" አልኩና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ማንም ሳያባርራቸው፣ ማንም ሳይመታቸው የሚታዘዙ ስላሉ ነው ጥያቄ የሆነው አለ። በሩቅ አገር ሊቃውንት ሰዎችን አስቀምጠው፣ ማብሪያ እየተጫናችሁ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሰውዬ በኤሌክትሪክ ንዘሩት ብለው አዘዟቸው አሉ። ሰውዬው ሲጮኽ እየሰሙ ከግማሽ የሚበልጡት እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ኋላ ሲታይ ኤሌክትሪኩም የውሸት፣ ጩኸቱም የውሸት ነው። የእኛ ማሽን ግን፣ እትዬ፣ የውሸት አልነበረም።

አሁን አንደኛዋን ላንሳልሽ። ማታ በአንድ ወንበር የምንቀመጠው፣ ቀን መጭመቂያው ላይ አብረን የምንሠራው ሴት "እምቢዬ" ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ምሳዬን ሳካፍላት ሦስት ጊዜ እምቢ ሳትል ቁራሽ አትነካም፤ በአራተኛው ግን ሳህኑንም ይዛው ትሄዳለች። ያቺን የጠፋችብኝን ፊደል፣ ዤን፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እንፋሎት ያላበው መስኮት ላይ በቀኝ እጇ ጣት እየጻፈች፣ "ዘ ባርኔጣ ስታደርግ ዠ ናት፤ እግሯ ላይ ደግሞ አልቦ ካሰረች ዤ ሆነች። ሙሽራዋ በላት" ትለኝ ነበር። እኔ "ሙሽራስ ሙሽራ፣ ግን ማን ያገባታል? ቋንቋው ውስጥ ሥራ የላትም" ብዬ አሾፍኩ። "ታዲያ አንተ ሥራ ፈት፣ ይዤ መጣሁ ለማለት ምን ልትይዝ ነው? አንድ ቀን ትፈልጋታለህ" አለችኝ።

አንድ ቀን የክዳኑ ማጠፊያ ላላ፤ ክዳኑ በተነቀነቀ ቁጥር ቁልፏ ትነሳለች። ማሽኑ እየዞረ ድንገት ቀጥ ይላል፤ አንሶላው እንደረጠበ ይቀራል። መጀመሪያ ካቦው "እስቲ ቁልፏን በጣትህ ያዛት፣ ይቺን ዙር ብቻ" አለኝ፤ ያዝኩ። በሳምንቱ "ጣትህ ከሚደክም እንጨት ሸጉጥባት" አለኝ፤ ሸጎጥኩ። እንጨቱ እየወደቀ ሲያስቸግር በፕላስተር አስለጠፈኝ። እያንዳንዷ ትንሽ ነበረች፤ የቱ ላይ እምቢ ይባላል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉን ኖረናል፤ ወዴት እንደሚሄድ የነገረን ግን የለም። በመጨረሻ ሽቦ ይዞ መጣ። በሽቦ ከታሰረች በኋላ ክዳኑ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ማሽኑ አይቆምም።

ሽቦውን መጀመሪያ የሰጠው ለእምቢዬ ነው። "አላስርም" አለች። "እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ" አላት። "ሰምቻለሁ። እጅ የሚበላ ነገር አላስርም" አለችው። ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አየ። እሱም ወደ አንሶላ ማጠፊያው ክፍል ሰደዳትና ሰዉ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ና አንተ ጎበዝ፣ እሷን ያቃታትን አሳያት" አለኝ። ትንሽ ቆምኩ። "ኃላፊነቱ የእኔ ነው፤ አንተን ማን ጠየቀህ?" አለኝ። "እሺ" አልኩ። አሰርኩት። ጥምዝ አድርጌ በፒንሳ አጠበቅኩት፤ የእኔ ነገር ታውቂው የለ፣ ከሠራሁ አይቀር አሳምሬ ነው። "ለማንም አታውራ" አለኝ፤ አላወራሁም። እኔ! ከዚያ በፊት ምን ነገር ሳላወራ አድሬ አውቃለሁ?

በማግስቱ ጠዋት እምቢዬ ወደ መጭመቂያው ተመለሰች። እሷ እምቢ ስላለች ነገሩ የቀረ መስሏታል፤ ሽቦው ደግሞ ከክዳኑ ሥር ስለሆነ አይታይም። የአንሶላ ጫፍ ተቀርቅሮ አየች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ሲከፈት ይቆማል ብላ አምና እጇን ሰደደች። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቀልድ እያወራሁ ነበር፤ የካቦውንና የጨዉን። ሰዉ እየሳቀ ስለነበር የመጀመሪያው ጩኸት ሳቅ መሰለኝ።

ቀኝ ክንዷ ከክርን በታች የለም። ሌላውን ለመጻፍ ገና አልተማርኩም።

ከዚያ በኋላ የአስተማሪውን ማስታወሻ ለምኜ ወሰድኩና ብቻዬን ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚያድነኝ መስመር ፍለጋ። ሰው የሚታዘዘው ልብስና ማዕረግ አይቶ ነው የሚል አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ይኸው፣ ጋዋኑ ነው አልኩ፤ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ። ግን ያን ቀን ጋዋኑ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። ካቦው ያዘዘኝ በካናቴራና በነጠላ ጫማ ሆኖ ነው። ጋዋኑን ያጠብኩለት ደግሞ እኔው ነኝ።

በዱላና በቁጣ ያደገ ልጅ ሲያድግ ለበላዩ ይጎብጣል የሚልም አለ። አትቆጪ እንጂ አንቺን ጠርጥሬሻለሁ። "ምራቄ ሳይደርቅ ተመለስ" ብለሽ ስትልኪኝ ያ ምራቅ ስንት ጊዜ ቀደመኝ! ጀርባዬ ይመስክር። ተምሮ እህቱን ከሰሰ እንዳትይኝ ብዬ ግን ደግሜ አሰብኩበት። መሃከለኛው ወንድማችንስ? በዚያው ቤት፣ በዚያው አለንጋ ነው ያደገው፤ እንዲያውም የእሱ ድርሻ ይበዛ ነበር። እሱ ግን እስከ ዛሬ እንኳን ሰው ዝናብ ቢያዘው ከደጅ አይገባም። አንድ አለንጋ ሁለት ዓይነት ሰው ካወጣ ጥፋቱ የአለንጋው አይደለም። ነፃ ነሽ፤ ፈርጄልሻለሁ።

የሚጎዳው ሰው ከራቀ መታዘዝ ይቀላል ይላል። ማታ ማታ ስንጽፍ ክርኗ ክርኔን እየገፋ መስመሬን ታጣምምብኝ ነበር፤ ከዚህ በላይ ማን ይቅረብ? አንድ ሰው እምቢ ሲል ያዩ ሌሎች እነሱም ይደፍራሉ ይላል። በዚህኛው ላይ ማስታወሻውን ዘጋሁት። እምቢ ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፊቴ ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። ከእሷ ቀጥሎ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

እንደገና ከፈትኩትና የምወደውን አገኘሁ። የሚታዘዝ ሰው ራሱን የሌላ ሰው እጅ አድርጎ ይቆጥራል፣ ኃላፊነቱን ወደ ላይ ይሰዳል ይላል። እሰይ አልኩ፤ እጅ ብቻ ነበርኩ። ኃላፊነቱን ተከትዬ ወደ ላይ ሄድኩ። ካቦው ከአደጋው በኋላ ጥግ ይዞ እያለቀሰ "እኔም እኮ ታዝዤ ነው" አለ። ሥራ አስኪያጁ "አንሶላው ለነገ ይድረስ ያለው ባለቤቱ ነው" አለ። ባለቤቱ "ደንበኛ አጣደፈኝ" አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እርጥብ አንሶላ ስንቀባበል እንዲህ ነው፤ የሁሉም እጅ ይረጥባል፣ የሚጨምቀው ግን የለም። አስተማሪውም ግርጌው ላይ "ማስረዳት ሌላ፣ ይቅር ማለት ሌላ" ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ማስታወሻው ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ራሴ አገኘሁ። ጎበዝ መባል። ካቦው "ና አንተ ጎበዝ" ሲለኝ ሆዴ እንዴት እንደሞቀ ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ትምህርት ላይ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ፤ ያን ቀን ሽቦውን ስቀበል አንደኛ ሆንኩ። "ይህ በየትኛው ይገባል?" ብዬ አስተማሪውን ጠየቅኩት። ጠመኔውን እያሸ "እኔ እንጃ፤ ጻፈው" አለኝ። ሊቃውንቱ ያልጠቀሱትን እኔ አገኘሁት፣ እትዬ። በሕይወቴ ያልኮራሁበት ግኝት ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፊደሏ ልምጣ። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መጣና ቃላችንን ተቀበለ። ሌሎቹ ሁሉ "አላየንም" አሉ፤ እሱ ጻፈላቸው፣ እነሱ ጣታቸውን አሳረፉ። የእኔ ተራ ሲደርስ "ወረቀቱን ወዲህ በል፣ እኔ ራሴ እጽፋለሁ" አልኩ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። "ሽቦውን ታዝዤ አሰርኩት" ልል ነው፤ ዤ ላይ ስደርስ ባርኔጣዋም አልቦዋም ድርግም አለብኝ። በስንት ጉራ የተቀበልኩትን እስክሪብቶ ይዤ እንዴት ልጠይቅ? እጄ የለመደቻትን፣ እግሯ ላይ ቀለበት ያላትን ሌላ ፊደል ጻፈች። ቤ።

ሰኞ ተመልሶ መጣና አነበበልኝ። "ሽቦውን ታዝቤ አሰርኩት።" ቀና ብሎ አየኝና "ታዝበህ? አይተህ፣ ክፉ መሆኑን ለይተህ፣ በራስህ ነው ያሰርከው ማለት ነው?" አለኝ። ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? "ይህ ግልባጭ ነው፤ ስህተት ከሆነ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ቢሮዬ መጥተህ ዋናውን ሰርዘህ ፈርምበት። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል" አለኝ። ከገጹ ሁሉ መታዘዜን የምትናገረው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች፤ እንዲሁ ከቀረች ያዘዘ ሰው የለም ማለት ነው። ሁለት ሠራተኞች ሲቀላለዱ የደረሰ አደጋ ይባላል፤ ማሽኑም ሳይጠገን ወደ ሥራው ይመለሳል።

የከፋው ደግሞ ስህተቷ እውነት መሆኗ ነው። ታዝዤ አሰርኩት። ታዝቤም አሰርኩት። ሽቦውን ስጠመዝዝ እጅ እንደሚበላ አውቅ ነበር፤ እሷ ጮክ ብላ ተናግራለች፣ ጆሮ አለኝ። የአስተማሪው ማስታወሻ ከዳር እስከ ዳር ስለ ዤ ነው። ስለ ቤ የጻፈ የለም።

ማክሰኞ ካቦው ጋዋኑን ለብሶ መጣ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ! እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ከዚህ ቤት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። እንዳለ ተወው፣ አትንካው፤ አንተም ምንም አትሆንም" አለኝ። "እሺ" አልኩ። ያን ሁሉ አንብቤ! እሺ ከአፌ ቀድማ ወጣች፣ እኔ ኋላ ደረስኩ።

ረቡዕ ሆስፒታል ሄድኩ። የተኛችበት አንሶላ የእኛ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት አውቀዋለሁ። "ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ። እንዲያ አድርጎ የሚያጠብቅ ሌላ ማን አለ?" አለችኝ። የፊደሏን ነገር፣ የዓርቡን ነገር፣ ለካቦው እሺ ማለቴንም ነገርኳት።  ከዚያ በግራ እጇ ጣት አንሶላው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ባርኔጣ፣ አልቦ፣ ጥምም ያለች ዤ። "አስተምሬህ ነበር እኮ" አለች።  ሂድና አስተካክል አላለችኝም። ብትለኝ እሄድ ነበር። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ሌላውን ማዘዝ አይሆንለትም መሰለኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት ካቦው አዲስ የተቀጠረውን ሰውዬ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ወደ መጭመቂያው ጠራው። እጁ ላይ ሽቦ አየሁ። "ና አንተ ጎበዝ" ሲለው ሰማሁ። አንሶላዬን አጠፍኩ።

ስለዚህ እትዬ፣ እንደ ድሮሽ እዘዢኝ። "ምራቄ ሳይደርቅ ሂድና ያቺን ፊደል አስተካክለህ ና" በይኝ። አንቺ ካልሽኝ እሄዳለሁ። በራሴ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጫማዬን አስሬ ፈታሁ። አሁን ዤን እችላታለሁ፤ ይኸውልሽ፣ ዤ፣ ዤ፣ ዤ። ይህ ደብዳቤ ግን ፈጠነ ቢባል ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ መዝገቡ የሚዘጋው ነገ ነው። ይህን አውቄ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ዘንድ ስልክ ቢገባ ኖሮ እደውልልሽ ነበር ልል አልኩና ተውኩት። አልደውልም ነበር። ታዢኝ ነበራ።

ጋሼን ከነሳሉ ሰላም በይልኝ። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዓይናቸው ካልለየሽ የመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ንገሪያቸው፣ ደስ ይበላቸው። ታላቁን ልጅሽን ደብዳቤዬን ለጎረቤት እንዳያነብ ምከሪልኝ። መሃከለኛውን ወንድማችንን ሰላም በይው፤ እምቢ ካለ ተይው፣ እንዲያውም ስለ እሱ እምቢታ አንድ ጊዜ ሳሚልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት። ጥርሷን ብታሳይሽ "አማረብሽ" በያት፤ "ጎበዝ" ግን አትበያት፣ ለእኔ ስትይ።

ያ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ደብዳቤውን ሁሉ "ታዛዥ ወንድምሽ" ብሎ ነበር የሚጨርስልኝ። ልክ እንደ እሱ ልጽፍ ጀመርኩና እጄ እንደ ልማዷ ሳተች። አልሰረዝኩትም።

ታዛቢ ወንድምሽ

ከማጠቢያው ቤት ጀርባ፣ ከሁለተኛው ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን